ከመደንገጥ መጠየቅ ይሻላል

በሽተኛ ከሐኪም ፊት በቀረበ ጊዜ፣ ሐኪሙ ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት «የት ላይ ነው የሚያምህ? ከመቼስ ጀምሮ ነው?» ብሎ መጠየቁ የታወቀ ነው። ሳይጠይቅ የሚቀድ ሐኪም ቢኖር ወደ እርሱ የሚሄድ ሰው ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን ይኸንኑ ጥበብ በየቤታችንና በየቢሮአችን ለሚገኘው ኮምፒዩተር ስንነፍገው እንታያለን። መሣሪያው አንድ ቀን አልነሣም ያለ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ምክራችን «ደምስሰህ እንደ ገና ጫነው» የሚል ነው። ይህ ምክር ባለፈው ሰኔ በእኛው ቤት ሊያደርስ የነበረውን ጉዳት ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወጋ እንወዳለን።

የቤት ሰርቨር ማለት ሌት ተቀን ሳይጠፋ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ፣ ጽሑፍና ድምፅ የሚያከማች፣ በቤቱ ያሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮችም በፈለጉ ጊዜ ከእርሱ የሚቀበሉበት ማሽን ነው። እንዲህ ያለውን አገልግሎት በውጭ አገር ካሉ ኩባንያዎች መከራየት ይቻላል፤ ዳሩ ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ለአብዛኞቻችን የሚመች አይደለም። ስለዚህ እኛና አብሮን የሚኖረው ጓደኛችን፣ አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደውን አሮጌ ኮምፒዩተር ገዝተን ሊኑክስን ጫንበት። ሊኑክስ፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ፊንላንዳዊ ገና የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ሥርዓት ነው። የማሽኑ የውስጥ ዲስክ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ሲሆን፣ በገመድ የሚያያዝ የ1,000 ጊጋባይት ዲስክ ደግሞ ለመጠባበቂያ ገዛንለት። በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት በውስጡ ያለው ሀብት ወደ ውጭው ዲስክ እንዲገለበጥ ትእዛዝ ሰጠን፤ ከዚያ ወዲያ በሰላም ተኛን።

በሰኔ ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሰርቨሩ አዲስ ማሻሻያ እንዲቀበል አዘዝነው። የጽሑፍ መሥመሮች እየተከታተሉ ወረዱ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የስሕተት ማስታወቂያ እንደ ነበሩ ዛሬ እናውቃለን፤ በዚያን ሰዓት ግን ቡና ቀርቦ ስለ ነበር አላነበብናቸውም። «ጠፍተህ ተነሣ» ብለን ብናዘው ጠፋ እንጂ አልተነሣም። ስክሪን አምጥተን ብንሰካበት በጥቁሩ ላይ በነጭ ፊደል «ከርነል ፓኒክ» የሚል ቃል ወጣ። ከርነል የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ፓኒክ ማለትም ድንጋጤ ነው። ማሽኑ ደነገጠ፤ እኛም ደነገጥን።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ «ፎርማት አድርገን እንደ አዲስ እንጫነው» ብለን ወዲያው ፍላሽ ማዘጋጀት ጀመርን። ጓደኛችን ግን እጃችንን ያዘ።

«የአባቴ ድምፅ አለበት» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት ወር ወደ አገር ቤት በሄደ ጊዜ አባቱ የልጅነታቸውን ታሪክ ሲያወሩት 47 ደቂቃ ያህል በስልኩ ቀርፆ አምጥቶ በሰርቨሩ ላይ አስቀምጦት ነበር። በሚያዝያ አባቱ ዐረፉ። ስልኩም ከዚያ በኋላ በታክሲ ውስጥ ተሰረቀ።

«ታዲያ መጠባበቂያው አለ አይደለም ወይ?» አልነው። የውጭውን ዲስክ ነቅለን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አያይዘን ብንከፍተው የመጨረሻው ግልባጭ የጥር ወር ሆኖ ተገኘ። ከየካቲት ወዲህ አንድም ነገር አልነበረበትም። በዚህ ጊዜ ቡናችን ቀዘቀዘ።

እንግዲህ ተቀምጠን ማሽኑን መጠየቅ ጀመርን። አንድ ኮምፒዩተር ሲነሣ በአራት ደጆች ያልፋል። በመጀመሪያው ደጅ፣ በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ዩኢኤፍአይ፣ በቀድሞው አጠራር ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም፣ ሜሞሪውንና ዲስኩን ይመረምራል። በሁለተኛው፣ ግረብ የተባለው አስነሺ ከርነሉን ከዲስክ አንሥቶ ወደ ሜሞሪ ያስገባል። በሦስተኛው፣ ከርነሉ ሥልጣኑን ተረክቦ ዋናውን የፋይል ማከማቻ ይከፍታል። በአራተኛው፣ ሲስተምዲ የተባለው አዛዥ አገልግሎቶቹን ሁሉ በየተራ ያስነሣል። በሽታው ከየትኛው ደጅ ላይ እንደ ሆነ ያወቀ ሰው የቀሩትን ሦስቱን ከመነካካት ይድናል። የእኛው ማሽን የሠሪውን ኩባንያ ምልክት አሳይቷል፤ ከርነሉም እስኪናገር ደርሷል፤ ስለዚህ ሁለቱ ደጆች ደኅና ነበሩ። ከድንጋጤው ቃል ቀጥሎ የተጻፈውን ብናነብ ደግሞ ዋናውን ማከማቻ ለመክፈት አለመቻሉን ይናገር ነበር። እንግዲያው በሽታው በሦስተኛው ደጅ ላይ ነው።

ከርነሉ ማከማቻውን የሚከፍትባቸው መሣሪያዎች ሁሉ በራሱ ውስጥ የሉም። ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለ ትንሽ ጥቅል አብሮት ይሰጠዋል፤ ይህም የዕቃ ቤት ቁልፎች እንዳሉበት ከረጢት ይቆጠራል። አዲሱ ከርነል ሲተከል ከረጢቱ ሳይዘጋጅለት ቀርቶ ከሆነ ከጎተራው ደጅ ያለ ቁልፍ ይቆማል። ጎተራው ግን አልተዘረፈም። ፎርማት ብናደርገው ኖሮ፣ ቁልፍ ጠፋ ብለን ጎተራውን ከነእህሉ ማቃጠላችን ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥገናውን ትተን በመጀመሪያ ሀብቱን ለማዳን ተነሣን። በዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሽ ብቻ የሚሠራ ሊኑክስ አስነሥተን፣ የሰርቨሩን ዲስክ ለንባብ ብቻ ከፈትነው፤ እንዲህ ሲከፈት በስሕተት እንኳ ሊጻፍበት አይቻልም። ድምፁ ተገኘ፤ ወደ ሌላ ኮምፒዩተርም ገለበጥነው። ዲስኩ ግን አንድ ነገር ሊያስገባ እስከማይችል ድረስ ሞልቶ ነበር። የሞላውም በመጠባበቂያ ግልባጮች ነው!

ምክንያቱን ስንመረምር ጥፋተኞቹ እኛው ሆነን ተገኘን። በጥር ወር ስልካችንን ቻርጅ የምናደርግበት ቦታ አጥተን የውጭውን ዲስክ ከኤሌክትሪክ ነቅለን ነበር። መልሰን ብንሰካውም ሰርቨሩ በራሱ አላያያዘውም፤ እኛ ግን መብራቱ ሲበራ አይተን ደኅና መሰለን። በሊኑክስ ዘንድ የውጭ ዲስክ የሚያያዘው በአንድ ባዶ ፎልደር ላይ ነው። ዲስኩ ባይኖርም ፎልደሩ አይጠፋም፤ የሚገለብጠውም ትእዛዝ ልዩነቱን ሳያውቅ እዚያው ይጽፋል። ስለዚህ ከአምስት ወር ያላነሰ ጊዜ ግልባጩ የተጻፈው በዚያው በውስጠኛው ዲስክ ላይ ነው። ማሻሻያው በመጣ ጊዜ አዲሱ ከርነል እንደ ምንም ገባ፤ ለቁልፍ ከረጢቱ ግን ቦታ ታጣ። ያላነበብነውም ማስታወቂያ ይኸንኑ ይናገር ነበር። ይጠብቀናል ያልነው መጠባበቂያ ራሱ ማሽኑን ጣለው።

መድኃኒቱ ከበሽታው ይልቅ አጭር ነበር። ሊኑክስ አዲስ ከርነል ሲተክል የቀድሞውን ወዲያው አይጥልም። ማሽኑ ሲነሣ የግረብን ዝርዝር አስወጥተን የቀድሞውን ከርነል ከነከረጢቱ መረጥነው፤ ያለ ችግር ተነሣ። ሐሰተኞቹን ግልባጮች አጠፋን፤ ያልተፈጸመው ተከላ እንዲፈጸም፣ የጎደለው ከረጢት እንዲዘጋጅ፣ ግረብም ዝርዝሩን እንዲያድስ አዘዝን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ በአዲሱ ከርነል ተነሣ።

ይህ የደረሰው በእኛ በጀማሪዎቹ ብቻ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ አንድ የተበላሸ ማሻሻያ ላከ፤ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፣ ሆስፒታሎችም ተቸገሩ። ኩባንያው ስሕተቱን በሁለት ሰዓት ውስጥ አርሞ ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የወደቁ ማሽኖች መነሣት ስላልቻሉ እርማቱን ሊቀበሉ አልቻሉም። ባለሙያዎች በየማሽኑ ፊት ቀርበው የተበላሸውን አንድ ፋይል በእጃቸው እያጠፉ ማስነሣት ግድ ሆነባቸው። እነርሱም ዲስኩን ሳይደመስሱ፣ ያሰናከለውን ፋይል ብቻ ለይተው አነሡ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እኛም ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሥርዓት አበጅተናል። ከማሻሻያ በፊት በዲስኩ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ እናያለን፤ የሚወጣውን ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው እናነባለን። የሚገለብጠው ትእዛዝ የውጭው ዲስክ መያያዙን ሳያረጋግጥ አንዲት ፊደል እንዳይጽፍ አድርገናል። ፒተር ክሮግ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋውን ደንብም ይዘናል፤ ይኸውም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን የሚል ነው። ከሁሉም በላይ በየወሩ አንድ ቀን ከመጠባበቂያው ላይ አንድ ፋይል አውጥተን እንከፍታለን። ተከፍቶ ያልታየ መጠባበቂያ ተስፋ ነው እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሰው መብትና ንብረት የተጻፈበት መዝገብ በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ላይ ይገኛል። ከአንባቢዎቻችን መካከል ነገ የዚህ ዐይነቱ አደራ የሚሰጣቸው ብዙዎች ናቸው። ማሽኑ አንድ ጧት አልነሣም ባለ ጊዜ «ደምስሰው» የሚል አለቃም ሆነ ባልደረባ አይታጣም። በዚያን ጊዜ ጓደኛችን እንዳደረገው የቸኮለውን እጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

በማግሥቱ እሑድ ጓደኛችን ድምፁን በፍላሽ ገልብጦ ደሴ ለምትኖረው እኅቱ ላከላት፤ ከቤት ውጭ የሚቀመጠው ሦስተኛው ቅጂ እርሱ ነው። ከመላኩ በፊት መጀመሪያውን አብረን ሰማን። አባቱ «አንተ ልጅ፣ ይኸ ነገር እውነት ይቀዳል?» ብለው ይጠይቃሉ። «አዎን አባባ፣ ይቀዳል፤ ይቀጥሉ» ይላቸዋል።