የነርቭ ሴል፦ መልእክቱ፣ ክፍተቱና የጓያ መርዝ

የሰው አንጎል ብቻውን 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች እንደሚይዝ ይገመታል። የነርቭ ሴል እንደማንኛውም ሴል ምግብና ኦክስጅን የሚሻ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የሚለየው በቅርጹ ነው፤ ከአካሉ ዙሪያ ዴንድራይት የተባሉ መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ በአንድ ወገን ደግሞ መልእክቱን ወደ ሌላ ሴል የሚያደርስ፣ አክሰን የተባለ ክር ይዘረጋል። ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ ወደ እግር የሚወርደው አክሰን ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ቢሆንም ርዝመቱ አንድ ሜትር ያህል ሊሆን ይችላል።

መልእክቱ በዚህ ክር ውስጥ የሚጓዘው ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ እንደሚያልፈው አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ሊለካ አይችልም ይባል የነበረውን ፍጥነት በ1850 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለክቶ፣ በሰከንድ 30 ሜትር እንኳ እንደማይሞላ አሳይቷል። ዝግመቱ የሚመጣው ሴሉ መልእክቱን በየደረጃው በራሱ ጉልበት እያደሰ ስለሚያሳልፈው ነው።

ጉልበቱ የሚጠራቀመው ሴሉ ዐርፎ ባለበት ጊዜ ነው። በሴሉ ሽፋን ላይ የተተከሉ፣ ፓምፕ የሚባሉ ፕሮቲኖች ሦስት የሶዲየም አዮኖችን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ አቶሞችን፣ እያስወጡ በምትካቸው ሁለት የፖታሲየም አዮኖችን ያስገባሉ፤ ፖታሲየሙም ክፍት በሆኑለት ቀዳዳዎች በጥቂቱ ተመልሶ ስለሚወጣ፣ የሴሉ ውስጥ ከውጩ ሲነጻጸር በ70 ሚሊቮልት ገደማ አሉታዊ ሆኖ ይቆያል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ የሆነው አንጎል ሰውነት ዐርፎ ሳለ ከሚያቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን መውሰዱ በአብዛኛው ከዚሁ ሥራ የተነሣ ነው።

ሴሉ በቂ ቅስቀሳ ሲደርሰውና ልዩነቱ ወደ 55 ሚሊቮልት ገደማ ሲወርድ፣ ተዘግተው የነበሩ የሶዲየም በሮች በቅጽበት ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ውስጡም ለአፍታ አዎንታዊ ይሆናል። ወዲያው የሶዲየም በሮች ተዘግተው የፖታሲየም በሮች ሲከፈቱ ነገሩ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ሺሕኛ ሰከንድ አያልፍም። በአንዱ ነጥብ የገባው ሶዲየም የሚቀጥለውን ነጥብ በሮች ስለሚያስከፍት፣ በደመራ ምሽት ከችቦ ወደ ችቦ እንደሚለኮሰው እሳት፣ መጨረሻ የሚደርሰው ምልክት ከመጀመሪያው አያንስም። ይህን አሠራር አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሀክስሊ በ1952 በስሌት ያቀረቡት ስኩዊድ በተባለው የባሕር እንስሳ ውስጥ በሚገኝ፣ ውፍረቱ እስከ አንድ ሚሊሜትር በሚደርስ አክሰን ላይ ተመራምረው ነው። በሰው አካል ውስጥ ማይሊን የተባለ ቅባታማ ልባስ ብዙ አክሰኖችን ስለሚጠቀልልና ምልክቱ በልባሱ መካከል ባሉት ክፍት ነጥቦች ብቻ ስለሚታደስ፣ ክሩ ሳይወፍር ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

አክሰኑ መጨረሻው ላይ ከቀጣዩ ሴል ጋር አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም፤ ሲናፕስ በሚባለው መገናኛ ላይ የሚሊሜትር ሃምሳ ሺሕኛ ገደማ የሆነ ክፍተት አለ። ክፍተቱ እንዴት እንደሚታለፍ ኦቶ ሎዊ በ1921 ያሳየበት ሙከራ ቀላልም ውብም ነው። ሎዊ አንዱ ከነነርቩ የሆነ ሁለት የእንቁራሪት ልቦችን በጨው ውኃ ውስጥ እንዲመቱ ካደረገ በኋላ፣ የመጀመሪያውን ልብ ምት የሚያዘገየውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀሰቀሰ፤ ልቡ ሲዘገይ በውስጡ የነበረውን ፈሳሽ ወስዶ ለሁለተኛው ሰጠው፤ ያም ልብ፣ ነርቭ ሳይኖረው፣ ዘገየ። በፈሳሹ ውስጥ የነበረው አሲታይልኮሊን የተባለው ኬሚካል መሆኑ በኋላ ታወቀ። ምልክቱ ከአክሰኑ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ይገባል፤ ኬሚካሉን የቋጠሩት ጥቃቅን ከረጢቶችም ይዘታቸውን ወደ ክፍተቱ ያፈስሳሉ፤ ኬሚካሉ በማዶው ሴል ላይ ካሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ሲገጥም አዲስ ምልክት ይቀሰቅሳል፣ አንዳንዴም ይገታል።

ከእነዚህ ኬሚካሎች በአንጎል ውስጥ በቅስቀሳ ረገድ ዋናው ግሉታሜት ነው፤ የጓያ ጉዳትም ከዚህ ላይ ይነሣል። ድርቅን በመቋቋሙ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የችግር ጊዜ ቀለብ የሆነው ጓያ ኦዳፕ የተባለ፣ ግሉታሜትን የሚመስል መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። ይህ መርዝ በግሉታሜት ተቀባዮች ላይ ገብቶ ሴሎቹን ያለ ልክ ይቀሰቅሳል፤ ጓያን ለወራት ዋነኛ ምግባቸው ካደረጉት ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ የእግርን እንቅስቃሴ የሚመሩት ነርቮች ይጎዳሉ፣ እግሮችም ይገታተራሉ። የታማሚው አእምሮ ጤነኛ ነው፤ የእግሩ ጉዳት ግን አይድንም። ስለዚህ ጓያ የሚመገብ ቤተሰብ እህሉን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን ሊደፋው፣ ከጤፍ፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋርም ሊቀላቅለው ይገባል፤ በድርቅ ወቅት ከጓያ ሌላ የሚቀላቅለው ላጣ መንደር ደግሞ የእህል ርዳታ ከሁሉ አስቀድሞ ይድረሰው።