ራስን ማጥፋትና ርቀት፦ ከመካነ ሰላም ሲታይ

ራስን ማጥፋት በየቦታው እኩል አይደርስም። በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፤ ልዩነቱም ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል። ፈረንሳዊው አንድሬ ሚሼል ጌሪ እ.ኤ.አ. በ1833 የአገሩን ክፍለ ግዛቶች በዚህ ረገድ በካርታ አሳየ፤ ኤሚል ዱርኬም ደግሞ በ1897 መጽሐፍ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጠይቁት «እዚህ ለምን በዛ?» ብለው ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ቁጥሩን የያዘው ማን ነው?

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በምዕራብ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በሰሜን የበሽሎ ሸለቆ አለ። ወግዲ፣ አማራ ሳይንትና መሐል ሳይንት ጎረቤቶቿ ናቸው። ከደጋው ጫፍ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን መንደር በዓይን ማየት ይቻላል፤ በእግር ለመድረስ ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ቀኑን ይጨርሳሉ። ስለ አደጋው ስርጭት የሚነገረው ሁሉ ከዚህ መልክዓ ምድር ጋር መነበብ አለበት።

በመጀመሪያ አቆጣጠሩ። በኢትዮጵያ የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በገጠር ሞት የሚመዘገበው ቤተሰብ ሲያስመዘግብ ነው፤ አብዛኛው ሰው ቤቱ ስለሚሞት የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም የለም። እንዲህ ላሉ አገሮች የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው ቁጥር በስሌት የተገመተ እንጂ ከመዝገብ የተቀዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ጠይቆ የሞትን መንስኤ የሚለዩ የጥናት ጣቢያዎች አሉ። ቡታጅራ፣ ዳባት፣ ቀርሳና ግልገል ጊቤ ከሚታወቁት መካከል ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱም ደቡብ ወሎ ውስጥ አይገኝም።

ከዚያ በላይ የሚከብደው ዝምታው ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት ይከለከላል። በእስልምናም ድርጊቱ ከባድ ኃጢአት ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን የሚበልጠው የደቡብ ወሎ ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ የቀረው አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነበር። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤተሰብ «በድንገት ነው»፣ «ታሞ ነበር»፣ «ገደል ገብቶ ነው» የሚል ቃል ቢያስቀድም አይፈረድበትም። ሟቹን በክብር መቅበር አለበት፤ ቅሬው (ዕድሩ) መጥቶ ድንኳን መጣል አለበት፤ ያልተዳሩ እኅቶችም አሉ። ዱርኬም ካቶሊኮች ከፕሮቴስታንቶች ያነሰ ራሳቸውን ያጠፋሉ ብሎ ነበር። ኋላ የኔዘርላንድስን የሞት መዝገብ የመረመሩ ሰዎች ግን በካቶሊኮቹ በኩል «ድንገተኛ» እና «ምክንያቱ ያልታወቀ» የተባለው ሞት በዝቶ አገኙት። ኃፍረቱ በበረታበት አካባቢ ዝቅተኛ ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መዝገቡ ነው።

ሕጉን መፍራትም ለዝምታው አስተዋጽኦ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ምክንያት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላው ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሳሳውንና የሚረዳውን ነው። ሞክሮ የተረፈውን ሰው ወንጀለኛ አያደርገውም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ጤና ጣቢያ ላይ ምክንያቱን ቢደብቅ፣ ታካሚው ለአካሉ ብቻ ታክሞ ይመለሳል።

እዚህ ላይ የአካባቢውን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚነገረው እንዲህ ያለ ሞት፣ የአፄ ቴዎድሮስ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የደረሰው በዚሁ ደቡብ ወሎ፣ መቅደላ ላይ ነው። የንጉሡ ሞት በጀግንነት ይተረካል፤ የገበሬው ልጅ ሞት ይደበቃል። በሁለቱም አነጋገር ውስጥ ሊታከም ይችል የነበረ ጭንቀት ቦታ የለውም።

ከቁጥር የተገኘው ጥቂት ነገር ከሌላ ቦታ ነው። አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቡታጅራና በአዲስ አበባ፣ በእያንዳንዱ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው ነበር። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሞክሮ የሚያውቀው በቡታጅራ ወረዳ 3.2 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 0.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ገጠሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሆኖም ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ፣ ተመራማሪ የለመደች አገር ናት። የእሷን ቁጥር አንሥቶ ለሳይንት መስጠት አያስኬድም፤ ገጠር ሁሉ አንድ አይደለም።

ወረዳው የራሱን ሞት በትክክል ቢቆጥር እንኳ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል። 150 ሺህ ሕዝብ ያለው ወረዳ ይታሰብ፤ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 8 ቢሞት 12 ሞት ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት 17 ቢደርስ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። የአንድ ዓመት ቁጥር ይዞ «እዚህ ወረዳ ወረርሽኝ ገባ» ማለት ስሕተት ነው፤ የአምስትና የስድስት ዓመት ድምር ያስፈልጋል።

ቁጥር ባይኖርም ሸክሙ ይታያል። መሬቱ ተቆራርሶ ለወጣቱ አልዳረሰም፤ በደጋው በልግ ሲቀር የሚተካው የለም። ብዙ ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከወሎ የሄዱ ብዙዎች ነበሩባቸው፤ ዕዳ ተበድሮ የላከ ቤተሰብ ባዶ እጇን የመጣችውን ልጅ እንዴት እንደሚቀበላት ለመገመት አያዳግትም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ደረሰ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከተለ። ይህ ሁሉ ሲደመር አደጋውን ከፍ ያደርጋል ተብሎ ይጠበቃል፤ ነገር ግን የአንድን ሰው ሞት በአንዱ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ያልታከመ ድባቴ፣ መጠጥ፣ ሥር የሰደደ ሕመምና የቤት ውስጥ ጠብ ተደራርበው ይገኛሉ።

አካባቢዎች በጉልህ የሚበላለጡት በሕክምናው ነው። የአዲስ አበባው አማኑኤል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረውም በ1995 ዓ.ም. ብቻ ነው። አንድ የወግዲ ገበሬ ሪፈር ሲጻፍለት ወረቀቱን ይዞ የሚያስበው የትራንስፖርቱን፣ የማደሪያውንና የአስታማሚውን ወጪ ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ማሰቡም ይቀራል። ከዚያ በፊት ጠበል ተሞክሯል፤ ለጸሎት ወዳጃ ተቀምጧል፤ ዱዓ ተደርጓል። እነዚህን የሚንቅ ባለሙያ ታካሚውን ያጣል፤ ጠበል የሚያጠምቁትና ዱዓ የሚያደርጉት ሰዎች የሚያጽናኑትን ያህል በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ማግባባት ይሻላል። ሰዉም «መኖር ታከተኝ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ይመታኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል፤ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይሄዳል። ስለ መሞት አስቦ እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም፤ አብዛኛው ተጠያቂ ሸክሙ ይቀልለታል። ጥያቄው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ መድኃኒቱም፣ ለምሳሌ ፍሎክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን፣ በመንግሥት ጤና ተቋም እንዲኖር በዝርዝር የተያዘ ነው።

ስርጭቱን መለወጥ እንደሚቻል ከሌላ አገር ይታወቃል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ1995 ራስን ማጥፋት ከበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ነበረች፤ አደገኛ የእርሻ ኬሚካሎችን አንድ በአንድ ካገደች በኋላ በሃያ ዓመት ውስጥ ቁጥሩ 70 በመቶ ያህል ወረደ። ገበሬው ግን ያኔም አርሷል። በወረዳ ደረጃም ኬሚካል የሚሸጥበትንና በቤት የሚቀመጥበትን ሁኔታ መቆጣጠር ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ የማይደረስበት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው እርምጃ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አለመተው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባካሄደው ጥናት ከድንገተኛ ክፍል ሲወጡ አንድ ሰዓት የተመከሩና በ18 ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል የተጠየቁ ሰዎች በዚያ ጊዜ ራሳቸውን ያጠፉት 0.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 2.2 በመቶ ነበሩ። ዘጠኙ ጥየቃ የሥነ አእምሮ ሐኪም አይፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በምትዞርበት ቤት፣ ኔትወርክ ባለበት በስልክ፣ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ ደግሞ ሰውየው ከእህሉ ጋር ወደ ከተማ በሚወጣበት የገበያ ቀን ነርሷን ብቅ ብሎ እንዲያያት ቀጠሮ በመስጠት ሊፈጸም ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የቀጠሮ ደብተር ውስጥ የተረፈው ሰው ስም፣ ቀበሌና የሚወጣበት ገበያ መጻፉ ነው።