«ወባ የለም» የሚለው ውጤት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም

የወባ ሕክምና የሚጀምረው ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከምርመራው መሆኑን ሰፊው ሕዝብ ሊገነዘበው ይገባል። ማይክሮስኮፕ በሌለበት የገጠር ጤና ጣቢያ ምርመራው ዘወትር የሚካሄደው ከጣት በሚወሰድ አንዲት የደም ጠብታ በፈጣን መመርመሪያ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የተባለው ገዳይ የወባ ተሐዋሲ የሚያመነጨውን «ኤች አር ፒ 2» የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ተሐዋሲው ፕሮቲኑን የሚሠራበትን ዘረ መል ሲያጣ ግን መሣሪያው ሕመምተኛውን «ነጻ ነህ» ብሎ ያሰናብተዋል።

ነገሩ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኤርትራ በተደረገ ምርመራ፣ ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው የጊንዳዕ ሆስፒታል ከ26 ሕሙማን የ21ዱ፣ በምጽዋ ሆስፒታል ደግሞ ከ24ቱ የ10ሩ ተሐዋሲ ይህ ዘረ መል የጎደለው ሆኖ ተገኝቷል። አገሪቱም በዚያው ዓመት መሣሪያውን አስወግዳ በሌላ ዓይነት ተክታለች። የዓለም የጤና ድርጅትም በዚህ ሳቢያ ከምርመራ የሚያመልጡት ሕሙማን ከመቶ 5 ሲበልጡ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል።

ቃፊር ስላላየው ብቻ ጠላት የለም አይባልም። ፋልሲፓረም ሕክምናው ከዘገየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ትኩሳቱና ብርድ ብርዱ ያልለቀቀው ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያው እንዲመለስ፣ ባለሙያውም ደሙን በማይክሮስኮፕ እንዲያይ ወይም እንዲያሳይ አጥብቀን እናሳስባለን።