ከበሮው የሚናገረው ደስታ

እነሆ ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ በአዳማ ከተማ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው፣ በካህናትና በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ታጅበው፣ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ። ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ያልፋል፤ ጎሕ ሲቀድም ውኃው ተባርኮ ለምእመናን ይረጫል። ይህች ከተማ ለብዙ ዘመን ናዝሬት ተብላ ስትጠራ መኖሯን ስናስብ ለበዓሉ አንድ ተጨማሪ ትርጉም እናገኝለታለን። ወንጌላዊው ማርቆስ እንደሚነግረን ክርስቶስ ወደ ዮርዳኖስ የወረደው ከገሊላዋ ናዝሬት ተነሥቶ ነውና። በዚያች መንደር ደግሞ ጸራቢ ተብሎ የሚታወቅ፣ በእጁ ሥራ የኖረ ሰው ነበር።

ለመሆኑ በእግዚአብሔር ፊት መደሰት ምን ማለት ነው? ማሸብሸብ፣ ማጨብጨብ፣ እልል ማለት የስሜት ግንፋሎት ብቻ ነውን? ንጉሡ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲያሸበሽብ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ እንደናቀችው በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። የሜልኮል ዐይን ያለው ተመልካች ዛሬም አይጠፋም፤ አክብሮትን ከዝምታ ጋር ብቻ አገናኝቶ፣ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅሰውን አማኝ እንደ ቀላል የሚቆጥር ማለታችን ነው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ግን ለዚህ ጥያቄ መልሱን በመሣሪያዎቻቸው ላይ አኑረውታል። ከበሮውን እንመልከት። ሰፊው አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ አፍ የትስብእቱ ምሳሌ ነው ይሉናል። በዙሪያው የተወጠረው ጠፍር በጅራፍ ሲገረፍ በጀርባው ላይ የወጣው ሰንበር ነው፤ በትከሻ ላይ የሚውለው ማንገቻ ታስሮ የተጎተተበት ገመድ ነው። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲዘሙ አይሁድ እርሱን ማንገላታታቸውን ያስባሉ። እንግዲህ በጥምቀት ዕለት ወጣቶች እየዘለሉ የሚመቱት ከበሮ መከራውን በላዩ ተሸክሞ ነው ደስታን የሚያሰማው። ይህ ደስታ ሐዘንን የረሳ ሰው ደስታ አይደለም። ሐዘኑን ይዞ የመጣ ሰው ነው በከበሮው ዙሪያ የሚያሸበሽበው።

ደስታው ሥርዐትም አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ከቅዱስ ያሬድ ድርሰቶች ጾመ ድጓው በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ዳግመኛ ሲሰማ ጆሮ ለሳምንታት ሲጠብቀው ቆይቷል። ያለ ጾሙ ዝምታ የፋሲካው እልልታ ግማሹን ኃይል ያጣ ነበር ብለን እናምናለን።

ዝምታውን በፈቃድ ሳይሆን በግድ የቀመሱም በዚህችው ከተማ አሉ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በናዝሬት የሕክምና ሥራ ከጀመሩ በኋላ የተመሠረተችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር ወር 1974 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየመኖሪያ ቤቱ ተሰበሰቡ። መዝሙራቸው ከግድግዳው እንዳያልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ። ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. በይፋ ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። የአምልኮ ደስታ በድምፅ ከፍታ አለመለካቱን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ከአዳማ ልናመጣ አንችልም። ሆኖም እነዚያ ሰዎች በሹክሹክታ መዘመርን መርጠው አልነበረም፤ በሩ ሲከፈት ድምፃቸውን ከፍ አድርገዋል።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣቶችን ወደ ከተማይቱ ስቧል። በአገራችን የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከትውልድ ቀያቸው ርቀው፣ ቤት ተጋርተው ተከራይተው ይኖራሉ። በሥራ ሰዓት እጃቸውና እግራቸው የሚንቀሳቀሱት መኪናው በሚፈልገው ልክ ነው። ታዲያ አንዲት ሠራተኛ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከእኩዮቿ ጋር እጇን እያጨበጨበች ታቦቱን ስትሸኝ፣ ያን ዕለት ሰውነቷ የሚንቀሳቀሰው ለምርት ኮታ አይደለም። በባዕድ ከተማ እኅትና ወንድም የምታገኘውም በዚያ ሰልፍ መካከል ነው።

ጥር 11 ቀን የሕዝብ በዓል በመሆኑ በዕለቱ የሚሠራ ሠራተኛ በሰዓት ከመደበኛው ደመወዝ ቢያንስ እጥፍ እንዲከፈለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደነግጋል። ከተራና ቃና ዘገሊላ ግን ከሳምንቱ የዕረፍት ቀን ጋር ካልገጠሙ የሥራ ቀናት ናቸው። ታቦት የሚወርደው በከተራ፣ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለሰው በቃና ዘገሊላ ነውና ፈረቃዋ በእነዚህ ቀናት ከቀትር በኋላ የዋለባት ሠራተኛ የበዓሉን መጀመሪያና መጨረሻ አታይም። የፋብሪካ ኃላፊዎች የሰሞኑን ፈረቃ ሲደለድሉ ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው ቀን እንዲለዋወጡ ቢፈቅዱላቸው፣ በዓሉን የማያከብሩት ለሚያከብሩት ተክተው፣ እነርሱም በተራቸው በዒድና በሌሎች በዓላት ብድሩን ቢመልሱ፣ የምርት ሰዓት ሳይጓደል ሁሉም ይዳረሳል። ጌታ በቃና የሠርግ ቤት በእንግድነት ተገኝቶ የሠርገኞቹ ደስታ እንዳይጎድል ውኃውን ወይን ያደረገበት መታሰቢያ የሚውለው በዚሁ በጥር 12 ቀን ነው።

ለመላው ክርስቲያን አንባቢዎቻችን እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ።