ሥራ ለቅቆ ሩቅ ተራራ ለመውጣት የሚነሳ ሙስሊም ምን ያስቀድም?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ትምህርታችን ከአንድ ወጣት አድማጫችን በደረሰን ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፡- «በአንድ የንግድ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሦስት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜ አሁን ሥራዬን በመልቀቅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ታንዛኒያ የሚገኘውን የኪሊማንጃሮ ተራራ ልወጣ አስቤያለሁ። የምጦራት እናቴ ግን እንጀራህን በእግርህ አትግፋ፣ ነፍስህንም ለአደጋ አትስጥ ብላ ከለከለችኝ። መሄዴ ኃጢአት ነውን?»

ብዙ ወጣቶች በልባቸው የሚያመላልሱት ጉዳይ በመሆኑ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን፤ ኢንሻአላህ።

ጉዞው በራሱ ምን ዓይነት ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ዐንከቡት 20ኛው አንቀጽ በምድር ላይ ሄደን ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ እንድንመለከት አዝዟል። በሱረቱል ሙልክ 15ኛው አንቀጽም ምድርን ለእኛ የተገራች እንዳደረጋትና በየአቅጣጫዋ እንድንሄድ ይነግረናል። ዑለሞች ጉዞን ሲከፍሉ ግዴታ የሆነ፣ የሚወደድ፣ የሚፈቀድ፣ የሚጠላና እርም የሆነ ይላሉ። የአላህን ፍጥረት ለማየትና አካልን ለማጠንከር ተራራ መውጣት በመሠረቱ ከሚፈቀደው ነው። የሚፈቀድ ነገር ግን ግዴታን ካስጣለ ከፈቃድ ወጥቶ ወደ ወንጀል ይገባል። ስለዚህ ወንድማችን፣ የጥያቄህ መልስ ያለው ከተራራው ላይ ሳይሆን ከኋላህ ትተኸው ከምትሄደው ነገር ላይ ነው።

ከሂጅራ የምንማረው

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ወደ መዲና ሲወጡ ሊገድሏቸው የተማከሩ ሰዎች ነበሩ። ይሁንና እነዚያው የመካ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ያስቀመጡት አደራ ነበር። እሱን ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዐሊይን (ረ.ዐ) ትተውት ሄዱ። አቡበክር (ረ.ዐ) ሁለት ግመሎችን ለአራት ወራት ያህል ሲቀልብ ቆይቷል። አስማእ (ረ.ዐ) ስንቅ አዘጋጅታለች። መንገድ የሚያውቅ መሪ ተቀጥሯል፤ መሪውም በዚያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። በሰውር ተራራ ዋሻም ሦስት ሌሊት ቆይተዋል። አላህ እንደሚጠብቃቸው ከማንም በላይ የሚያውቁት ነቢይ እንዲህ ከተዘጋጁ፣ «አላህ ያውቃል» ብሎ ባዶ እጁን የሚነሳ ሰው ተወኩልን አልተረዳም ማለት ነው።

ሥራን በመልቀቅ ረገድም የኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) ታሪክ ይጠቅመናል። በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው በ484 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1091) ተሹመው ነበር። በዘመኑ ከዚያ የሚበልጥ የማስተማር ወንበር ብዙም አልነበረም። በ488 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ግን ለነፍሳቸው ፈርተው ወንበሩን ለመተው አሰቡ። በአንድ ቀን አልተነሱም፤ ስድስት ወር ያህል ሲያመነቱ ቆዩ። ሲነሱም ለልጆቻቸው ቀለብ የሚበቃውን አስቀርተው የቀረውን ገንዘብ አከፋፈሉ። በማስተማሩም ወንድማቸው አሕመድ ተተካ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ደማስቆ፣ ወደ በይተል መቅዲስና ወደ ሐጅ የተጓዙት። ወደ ማስተማር የተመለሱት በ499 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1106) በኒሳቡር ነበር። እንግዲህ ሥራ መልቀቅ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ቦታውን ክፍት፣ ልጆችንም ያለ ቀለብ ጥሎ መሄድ ነው።

ከመነሳት በፊት የሚጠሩ ሐቆች

1ኛ/ የአሠሪ ሐቅ፡- የሥራ ውል ቃል ኪዳን ነው፤ አላህም በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ውሎችን እንድንሞላ አዝዟል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ደመወዙን በተቀበለ ማግስት ስልኩን ዘግቶ ቢጠፋ የድርጅቱን ሐቅ በልቷል። ደረሰኙን፣ መዝገቡንና ቁልፉን በፊርማ ያስረክብ፤ ተተኪውንም ያሳይ። ከዚህም በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፡- ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጡኛል? ወይስ የዓመት እረፍቴ ይበቃል? የኪሊማንጃሮ መንገድ በተራራው ላይ ከ5 እስከ 8 ቀን የሚፈጅ ነው። ለሁለት ሳምንት ጉዞ የስድስት ዓመት ሥራ መልቀቅ ላያስፈልግ ይችላል።

2ኛ/ ዕዳ፣ ዘካ፣ ሐጅና ወሲያ፡- ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ለሸሂድ ከዕዳ በስተቀር ሁሉም ይማርለታል። ታዲያ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው ዕዳውን እንዴት ይረሳል? ሦስት ዓመት የተጠራቀመው ገንዘብም ዘካ አለበት። ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ላይ ደርሶ ሙሉ የሂጅራ ዓመት ከዞረበት፣ በየዓመቱ 2.5 ከመቶ ይወጣለታል። «ለጉዞ ያስቀመጥኩት ነው» ማለት ዘካን አያነሳም። ገንዘቡ ለሐጅ የሚበቃ ከሆነና ሐጅ ካላደረገ ደግሞ ቆም ብሎ ያስብ፤ ብዙ ዑለሞች የቻለ ሰው ሐጅን ማዘግየት የለበትም ብለዋልና። ወሲያውንም ጽፎ ይተው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ሊያድር እንደማይገባ ተነግሯል።

3ኛ/ የእናት ፈቃድ፡- አንድ ሰው ለጂሃድ ፈቃድ ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቁት፤ አሉ ሲላቸው ትግሉን ለእነሱ እንዲያደርግ መለሱት። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለጂሃድ እንዲህ ከሆነ ለተራራ ጉዞማ ይብስ። እናትህ ያነሳችው ሁለት ነገር ነው፡- እንጀራና ነፍስ። ሁለቱም እውነተኛ ስጋት ናቸው። ስለዚህ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራ መልስላት። እስክትመለስና ሌላ ሥራ እስክታገኝ ለጥቂት ወራት የሚበቃትን አስቀምጥላት። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሰው የሚቀልባቸውን መጣሉ ለወንጀል በቂው እንደሆነ ተነግሯልና። ስለ ጉዞው ደኅንነት የሚያውቅ ሰው ያስረዳት። ይህን ሁሉ አድርገህ ልቧ ካልረጋ ግን ጉዞውን አቆየው። ኪሊማንጃሮ የትም አይሄድም፤ እናት ግን ትሄዳለች።

የአካልና የስንቅ ዝግጅት

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) እንዳወሩት ከየመን ሰዎች ያለ ስንቅ ለሐጅ እየመጡ «እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን» ይሉና መካ ሲደርሱ ይለምኑ ነበር። ስንቅ መያዝን የሚያዝዘው የሱረቱል በቀራህ 197ኛ አንቀጽ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

የኪሊማንጃሮ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 5,895 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 125ኛው አንቀጽ የጠመመን ሰው የደረት ጥበት ወደ ሰማይ ከሚወጣ ሰው ጋር ማመሳሰሉን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። በመቸኮል የሚወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይይዘዋል። ሲብስ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ ይቋጥራል። ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው፣ እንደ ሰከረ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች መውረድ አለበት። ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረው እንኳን «ደርሼ ልመለስ» ማለት አላህ በሱረቱል በቀራህ 195ኛው አንቀጽ የከለከለው ራስን ወደ ጥፋት መጣል ነው።

ሐኪሞች የሚመክሩት ከ3,000 ሜትር በላይ የሚታደርበትን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት ወይም በአራት ቀኑም ማረፍ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለመቆጠብ የ5 ቀኑን መንገድ ከመምረጥ የ7 ወይም የ8 ቀኑ ይሻላል። ከመነሳት በፊት ለወራት በእግር መጓዝን መልመድ፣ በሐኪም መመርመርም ያስፈልጋል። ለዚህ አላህ አገራችንን ባርኳታል። በባሌ ተራሮች የሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ራሱን ያልፈተነ ሰው ባዕድ አገር ሄዶ አይፈተን።

አንድ ነገር እንጨምር። በኪሊማንጃሮ ያለ ፈቃድ ያለው መሪ መውጣት አይፈቀድም፤ ጓዝ የሚሸከሙ ሠራተኞችም ይኖራሉ። ትናንት ተቀጣሪ የነበርከው በተራራው ላይ አሠሪ ትሆናለህ። የአንድ ተሸካሚ ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአንተ ተሸካሚ ከዚያ በላይ እንዳይሸከም፣ በቂ ልብስና ምግብ እንዲኖረው፣ ደመወዙም ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈለው ተከታተል። ርካሽ ዋጋ የሚጠራ አስጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው ከእነዚህ ድሆች ነው።

ዒባዳ በተራራ ላይ

ሙሳፊር ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ሁለት አድርጎ ያሳጥራል። በሻፊዒይ መዝሀብ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርም ይችላል። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ማጣመር በሐጅ ወቅት በዐረፋና በሙዝደሊፋ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን በወቅቱ ይሰግዳል። የኪሊማንጃሮ ቂብላ እንደ አዲስ አበባ ሁሉ ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ስለዚህ ኮምፓስ ያዙ።

ውኃው ከቀዘቀዘ ማሞቅ ይቀድማል። ማሞቂያ ከሌለና ቅዝቃዜው ለጉዳት የሚያሰጋ ከሆነ ተየሙም ይበቃል። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛተ ሰላሲል ዘመቻ በብርዳማ ሌሊት ጀናባ ሆኖ ሳለ ተየሙም አድርጎ ባልደረቦቹን አሰግዷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምክንያቱን ሲሰሙ ፈገግ ከማለት በስተቀር አልተቃወሙትም። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ውዱእ አድርጎ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ያጠለቀ ሙሳፊር ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ላይ ማበስ ይችላል፤ ካወለቀው ግን ማበሱ ያበቃል።

ወደ ጫፉ የሚወጣው እኩለ ሌሊት ገደማ ተነስቶ በመሆኑ የሱብሒ ወቅት የሚገባው አቀበቱ ላይ ነው። ለመሪው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፀሐይ ሳትወጣ የምትቆሙበትን ቦታ ያዘጋጅላችሁ። የተራራ ጫፍ አይቶ ሱብሒን ያሳለፈ ሰው ከወጣበት ይልቅ የወረደበት ይበልጣል። ሦስት ሆናችሁ ስትሄዱም በሐዲሱ እንደታዘዘው አንዳችሁን አሚር አድርጉ። አሚሩ እንመለስ ካለ ተመለሱ።

በመጨረሻም ወንድማችን ኢስቲኻራ ይስገድ፤ የሚያውቁ ሰዎችንም ያማክር። ሐቆችን አጥርቶ፣ እናቱን አስደስቶ፣ ተዘጋጅቶ ከሄደ ጉዞው ኃጢአት አይደለም፤ በኒያው እንዲያውም አጅር ሊያገኝበት ይችላል። ከነዚህ አንዱን ረግጦ ከሄደ ግን የአፍሪካን ጣሪያ ቢረግጥም አላተረፈም። ጉዳዩን ሲጨርስም በሐዲሱ እንደተመከርነው ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ ይፍጠን።

አላህ (ሱ.ወ) መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን፤ የወላጆቻችንን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።