ዕድሜ ሲገፋ ጥብሱም ጨዋታውም አይቅር

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወይም በበዓል ቀን፣ ጎረቤትና የቆየ ወዳጅ በግቢ ተሰብስቦ፣ ሥጋው ፍም ላይ እየተጠበሰ መጨዋወት ብዙዎቻችን የምንወደው ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ግን አንዳንድ አባቶችና እናቶች «ለእኔ ሥጋ ክልክል ነው» ብለው ቤት ይቀራሉ። ሌሎች ደግሞ «ለአንድ ቀን ምን አለበት» በማለት መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ይውላሉ። ሁለቱም አይመከርም። ብቸኝነት በራሱ ለድብርትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል፤ የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ የበዓል ዕረፍት የለውም። ጥቂት ጥንቃቄ ካደረጉ ከማዕዱ መካፈል ይችላሉ።

በመጀመሪያ ሥጋው በሚገባ ይብሰል። ጥሬና ለብለብ የተደረገ ሥጋ የኮሶ ትልንና ተቅማጥ የሚያስከትሉ ተሕዋስያንን ሊያስተላልፍ ይችላል። ወጣቱን ሁለት ቀን አስተኝቶ የሚተወው ተቅማጥ፣ የአረጋዊን የሰውነት ውሃ አሟጦ ለከፋ ጉዳት ሊዳርግ ይችላል። ጥሬ ሥጋ የተቆረጠበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳያጥቡ ለሰላጣ አይጠቀሙ። ይብሰል ሲባል ግን ይረር ማለት አይደለም። ነበልባሉ በርዶ ፍም ሲሆን ይጥበሱ፤ ጮማውን ይቀንሱ፤ ያረረውን ቆርጠው ይጣሉ። በሚያርረው ሥጋና በጭሱ ውስጥ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ኬሚካሎች ይፈጠራሉና።

ጨውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ሚጥሚጣውና አዋዜውም ጨው እንዳላቸው አይርሱ። ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠልና ሎሚ ጣዕሙን ያሟላሉ። ሪህ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት የሥጋውን መጠን አስቀድመው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥርስ ሲሳሳ ትልቅ ጉርሻ አደገኛ ነው። እንደ ሽንጥ ያለውን ለስላሳ ሥጋ መርጠው በትንንሹ ይቁረጡ፤ ሳቁና ወሬው ከተዋጠ በኋላ ይሁን። ሰው ታንቆ መናገርም ማሳልም ካቃተው፣ ወደ ፊት አጎንብሰው በሁለቱ ትከሻዎች መካከል 5 ጊዜ ጠንከር አድርገው ይምቱት። ካልወጣ ከኋላ አቅፈው ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን እያፈራረቁ ይቀጥሉ። ሌላ ሰው የሕክምና እርዳታ ይጥራ።

አረጋውያን ውሃ ቢያንሳቸውም ጥሙ ላይሰማቸው ስለሚችል ውሃ በአጠገባቸው ይቀመጥ። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ጠጅ ወይም ቢራ ቢጠጣ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በታች ሊወርድበት ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ድንገት ሲነሱ ሊያዞራቸው ስለሚችል ቀስ ብለው ይነሱ።

ሲመሽና ሲበርድ ፍሙን ከነምድጃው ወደ ቤት ማስገባት የተለመደ ስህተት ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይሰማው ይገድላል። ከሰሉ ውጪ ይጥፋ።

ወጣቶችም «እሳቸው አይበሉም» ብላችሁ አረጋውያንን ሳትጠሩ አትቅሩ። መደገፊያ ያለው ወንበር ከጭሱ ራቅ አድርጋችሁ አዘጋጁላቸው። ሁለት ሦስት ቁራጭ ጥብስና የልብ ጨዋታ ይበቃቸዋል።