ከባድ ማርሽ፣ ቀላል ማርሽ፦ ስለ መኪና ማርሽ አሰያየምና ስለ መንዳት ደስታ

የመኪና መምሪያ መጻሕፍትን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከሚሰናከሉባቸው ቦታዎች አንዱ የማርሽ ስም ነው። እንግሊዝኛ አንደኛውንና ሁለተኛውን ማርሽ «ዝቅተኛ»፣ አራተኛውንና አምስተኛውን «ከፍተኛ» ይላቸዋል። ተርጓሚውም ቃሉን እንዳለ ይመልስና «ቁልቁለት ሲወርዱ ዝቅተኛ ማርሽ ይጠቀሙ» ብሎ ይጽፋል። ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ አማርኛ ተናጋሪው ሾፌር ማርሽን የሚለካው በክብደትና በቅለት ነው፤ አንደኛው ለእርሱ ከባድ ማርሽ፣ አምስተኛው ቀላል ማርሽ ይባላል። ይህን የለመደ ሰው «ዝቅተኛ ማርሽ» የሚለውን አንብቦ «አነስ ያለ፣ ቀለል ያለ» ብሎ ቢረዳው አይፈረድበትም። እንዲያ የተረዳው እንደ ሆነ ግን መጽሐፉ ካዘዘው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ያውም በቁልቁለት ላይ።

የነገሩን አሳሳቢነት ለመረዳት ከሐራ የሚነሣውን ጉዞ እንመልከት። ሐራ፣ ወይም ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እንዲዘረጋላት በታቀደው የባቡር ሐዲድ ምክንያት በቅርብ ዓመታት ስሟ የታወቀው ሐራ ገበያ፣ በሰሜን ወሎ ቆላማ ሜዳ ላይ፣ ወደ አፋር ምድር በሚያመራው አቅጣጫ የምትገኝ ናት። በሜዳው ላይ የሚነዳ ሰው ቀላል ማርሽ ካስገባ በኋላ እጁን ወደ ማርሹ የሚመልስበት ምክንያት እምብዛም የለውም። ወደ ወልዲያ ሲያቀና ግን መሬቱ ይነሣል። ከወልዲያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ በሚለው ጎዳና ወደ ጋሸናና ወደ ወረታ የሚቀጥል ከሆነ የድልብ ዳገት ይገጥመዋል፤ ወደ ሰሜን ካለፈ ከአላማጣ በላይ የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ አለ፤ ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ካዞረም ጣርማ በር ይጠብቀዋል። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄድ የወጣውን ይወርዳል። የሾፌሩ ቋንቋ የተቀረጸው በእነዚህ መውጫና መውረጃዎች ላይ ስለ ሆነ፣ ማርሽን በሸክም መለካቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

በመካኒክ ሚዛን ቢመዘንም ስያሜው ትክክል ነው። የሞተሩ ዘንግ 4 ጊዜ ሲዞር ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ 1 ጊዜ ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ ግን በሰበቃ ከሚባክነው በቀር አራት እጥፍ ይሆናል። ዳገት የሚወጣ ጭነት የሚፈልገው ይህንን ነው። በቁልቁለት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎማው 1 ጊዜ ለመዞር ሞተሩን 4 ጊዜ ማዞር ይኖርበታልና፣ ሞተሩ እንደ ሸክም ሆኖ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሾፌሮች «በሞተር መያዝ» የሚሉት ይህን ነው። በሞተር ያልተያዘ መኪና በፍሬን ብቻ ይያዛል፤ ፍሬን ደግሞ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ በመሆኑ በረጅም ቁልቁለት ሲረገጥ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን አይዝም። ያን ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» ይባላል፤ ምንም እንኳ ብዙውን ጊዜ የተበጠሰ ነገር ባይኖር።

እንግሊዝኛ ስሙን ያወጣው የመኪናውን ፍጥነት አይቶ ነው፤ አማርኛ ያወጣው የሚጎተተውን ጭነት አይቶ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሆኖም አንዱን በሌላው ሚዛን መተርጎም አይቻልም። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ውስጥ «ከባድ ማርሽ» ራሱን የቻለ መግቢያ ሊሰጠው፣ ፍችውም «ፍጥነትን ቀንሶ የመጎተትና የመያዝ ኃይልን የሚጨምር ማርሽ፤ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ» ተብሎ ሊጻፍ ይገባል እንላለን። «ዝቅተኛ ማርሽ» የሚለው በትርጉም ሥራ የገባ አጠራር እንደ መሆኑ፣ አንባቢን ወደ ዋናው ቃል ከመምራት በቀር ሌላ ቦታ ሊኖረው አይገባም።

ማርሽ የሚለው ቃል ራሱ የተውሶ ነው። ድምፁ ከጣሊያንኛው «ማርቻ» ይልቅ ወደ ፈረንሳይኛው «ማርሽ» ይቀርባል፤ ሾፌርም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ካምቢዮና ፍሪሲዮን ግን ጣሊያንኛ መሆናቸው አያጠራጥርም፤ የመጀመሪያው በምንጩ ቋንቋ «ለውጥ»፣ ሁለተኛው «ሰበቃ» ማለት ነው። ወደ ጋራዥ የገባ ሰው ኩሽኔታ፣ ባልስትራ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ ሲባል ይሰማል፤ እነዚህን ሁሉ በግእዝ ሥሮች እንተካ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። እኛ አንስማማበትም። መካኒኩ ዘይቱን የሚለውጠው ለካምቢዮ ነው፤ ሌላ ስም የሚያወጣለት መዝገበ ቃላት አንባቢ ያገኛል እንጂ ተናጋሪ አያገኝም።

ስም የሚያስፈልገው ሁለቱን የካምቢዮ ዓይነቶች ለመለየት ነው። በዕለት ንግግር ማኑዋልና አውቶማቲክ ይባላሉ። ለሁለተኛው በሌሎች የቴክኒክ ጽሑፎች የተለመደው «ራስ ሰር» ሊያገለግል ይችላል፤ «ራስ ሰር ማርሽ» ሲባል ለመረዳት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ነው። «የእጅ ማርሽ» ብንል የሥራውን ግማሽ እንተዋለን፤ ምክንያቱም ማርሹን የሚያስገባው እጅ ቢሆንም ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያላቅቀውና መልሶ የሚያገናኘው ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። በአውቶማቲኩ የጎደለው ይኸው ፔዳል ነው። በተለመደው አውቶማቲክ በፍሪሲዮኑ ቦታ ትይዩ የቆሙ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች በዘይት ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ አንዱ የሚገፋው ዘይት ሌላውን ያዞራል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ፎቲንገር የዚህን ዓይነት መሣሪያ የፈለሰፈው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለመርከብ ሲሆን፣ ዘይትን መካከለኛ ያደረገ ራስ ሰር ማርሽ በብዛት ተሠርቶ በመኪና ላይ ለገበያ የቀረበው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ከዚህ ተነሥተን «ባለ ፍሪሲዮን» እና «ራስ ሰር» የሚለው አከፋፈል «የእጅ» እና «ራስ ሰር» ከሚለው ይሻላል እንላለን፤ ገዥም ሻጭም መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ወለሉን በማየት ሊያረጋግጠው ይችላልና።

አሁን ወደ ደስታው እንለፍ። ባለ ፍሪሲዮን መኪና መንዳት ይበልጥ ያስደስታል የሚሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ግን መኪናው «ይታዘዘኛል» ከማለት አያልፉም። የቋንቋ ባለሙያ ግሦቻቸውን ቢያዳምጥ ምክንያቱን ከዚያ ያገኘዋል። ባለ ፍሪሲዮን መኪና የሚነዳ ሰው ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ይለቃል፤ ማርሽ ያስገባል፣ ይቀይራል፣ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ይሰጣል፤ መሪ ይጨብጣል። ሁሉም ተሻጋሪ ግሦች ናቸው፤ ባለቤታቸውም ሰውየው ነው። መሪ መጨበጥ የሚለው ደግሞ እርፍ ከመጨበጥ የራቀ አይደለም። ነዳ የሚለው ግሥ ከብት ከመንዳት፣ አሽከረከረ የሚለው መዘውርን ከማዞር መጥቷል፤ በመጀመሪያው ሌላ ፍጡር ይሄዳል፣ ሰው ከኋላ ሆኖ ያስኬዳል፤ በሁለተኛው ግን ሰው በእጁ ያዞራል። ሾፌሩ ሁለቱንም ነው። ሞተሩ ሲጨነቅ በጆሮው ይሰማል፤ ከዳገቱ ወገብ ላይ ሳይደርስ ማርሽ ይቀንሳል፤ ጊዜውን ካሳለፈ ሞተሩ ይጠፋበታል፣ ረዳቱም ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። ጊዜውን ሲጠብቅ የሚሰማው እርካታ አንድ ጥሩ ገበሬ በሬዎቹን በትልሙ ጫፍ ሲያዞር ከሚሰማው ጋር የሚዛመድ ይመስለናል።

በራስ ሰር ማርሽ ግን ግሡ ይለወጣል። «ማርሽ ቀየርኩ» የነበረው «ማርሽ ተቀየረ» ይሆናል። አንዲት «ተ» ብቻ ናት የተጨመረችው፤ ነገር ግን ባለቤቱን ከዐረፍተ ነገሩ አስወጥታዋለች።

የዚህን ግሥ ክብር የሚያስረዳ ምስክር ከመንገድ ውጪም ይገኛል። ምሩጽ ይፍጠር በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ፣ በሐምሌ 1972 ዓ.ም. በሞስኮ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳልያዎች ሲያገኝ፣ በመጨረሻው ዙር በድንገት በሚለቀው ፍጥነቱ «ማርሽ ቀያሪው» ተባለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም «ይፍተር ዘ ሺፍተር» በሚል ቤት በሚመታ ስም ጠርተውታል። «ቀያሪ» የአድራጊ ስም ነው፤ ሰውየው ጊዜውን መርጦ፣ ሌሎቹ ሳይጠብቁ፣ ራሱ እንደ ቀየረ ይናገራል። በዚህ ፍካሬያዊ ፍች ከባድ ወይም ቀላል ማለት አላስፈለገም። ስለዚህ አንድ ሥራ «ወደ ከፍተኛ ማርሽ ገባ» የሚል የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የሚገጥማቸው ተርጓሚዎች «ማርሽ ቀየረ» ቢሉ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ የባዕድ ሽታ አለው።

ራስ ሰር ማርሽን ለመንቀፍ ግን አልተነሣንም። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ በየአሥር ሜትሩ ፍሪሲዮን የሚረግጥ ጉልበት ደስታን አያስብም፤ ግራ እግሩ የማይታዘዘው ሰውም በዚህ መሣሪያ ምክንያት ሾፌር ሊሆን ችሏል። ችግሩ ከከተማ ሲወጣ ይመጣል። በማርሹ አጠገብ የሚታዩት ፊደሎች ብዙውን ጊዜ «ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ» ሲሆኑ፣ በአንዳንዱ መኪና «ኤል» ወይም ቁጥር 2፣ በሌላው «ቢ» ይጨመራል። በ«ዲ» ላይ ትቶ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሰው መኪናው ራሱ ቀላል ማርሽ ሊያስገባበት ይችላል፤ በሞተር የሚይዘው ነገር ያንሳል፣ ፍሬኑም ይግላል። ስለዚህ ተርጓሚው ፊደሎቹን በመኪናው ላይ እንደ ተቀረጹ ሊተዋቸው፣ ፍቻቸውን ግን ሾፌሩ በሚያውቀው ቃል ሊሰጥ ይገባል፤ «ኤል» ከባድ ማርሽ፣ «አር» የኋላ ማርሽ፣ «ኤን» ዜሮ ማርሽ። «ኤን»ን «ገለልተኛ» ብለው የሚመልሱ አሉ፤ ይህ ቃል ከሁለቱም ጎራ ውጪ ለነበሩ መንግሥታት አገልግሏል፣ ለመኪና ግን አይሆንም። ዜሮ ማርሽ የሚለው ከነማስጠንቀቂያው የሚታወቅ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን በዜሮ የሚለቅ ሾፌር ምን እንደሚያገኘው ሁሉም ሰምቷልና። ቁጠባውም ቢሆን በዘመናዊ ሞተር ከንቱ ነው፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ነዳጅ ካልተሰጠው ነዳጁን ራሱ ይዘጋልና።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኤሌክትሪክ መኪና ይመጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በየመንገዱ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአብዛኛው የሚቀየር ማርሽ የላቸውም። ለእነርሱ «ከባድ ማርሽ» ማለት በቀጥታ ስሕተት ይሆናል። ይሁንና ቁልቁለቱ አልተለወጠም፤ እነርሱም ሲወርዱ ሞተሩ ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫነት ተለውጦ ባትሪ እየሞላ መኪናውን ይይዛል። በነዳጅም ሆነ በኤሌክትሪክ፣ ባለ ፍሪሲዮንም ሆነ ራስ ሰር፣ ሞተር መኪናን የሚይዝበትን ኃይል በጠቅላላው የሚጠራ አንድ ስም ያስፈልጋል። «የሞተር ፍሬን» ቢባል ፔዳሉን ያሳስባል፤ ሰውም ወደ ፔዳሉ ይሄዳል፤ እርሱን ለማስቀረት ነው የተነሣነው። ስለዚህ «የሞተር ልጓም» የሚለውን ለባለሙያዎች አስተያየት እናቀርባለን። ልጓም ፈረስ ጨብጦ በማያውቅ ሰው አንደበትም እስከ ዛሬ ሕያው ቃል ነው፤ ግሡም «በሞተር ለጎመ» ተብሎ ያለ ችግር ይረባል።